ውሻው ለምን ይወጣል?



በያመቱ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን ላይ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ አገር ፍቅርና ስለ ጊዜ አጠቃቀም ብዙ መልካም ጽሑፎች ሲወጡ ኖረዋል። እኔ ዘንድሮ የመረጥሁት አርእስት ግን ከነዚህ ሁሉ ዝቅ ያለ መስሎ የሚታይ ነው። የምጽፈው ከግቢው እየወጣ ስለሚያስቸግር ውሻና ስለ አጥሩ ነው። አርእስቱን ለክፍል ጓደኞቼ በነገርኋቸው ጊዜ ሳቁ። ነገር ግን ማለዳ ከቧንቧ ውሃ ተነሥቶ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ ድንጋይ በእጁ ሳይዝ የሚሄድ ከመካከላቸው ስንት እንደ ሆነ ብጠይቃቸው ሳቁ ቆመ። እንግዲያስ ነገሩ ያን ያህል ዝቅ ያለ አይደለም ማለት ነው።

የኛ ሰው ውሻ ከግቢ ሲያመልጥ ጥፋቱን በውሻው ላይ መጫን ልማዱ ነው። «ዘዋሪ ነው»፣ «ዐመሉ ነው»፣ «እግሩ አያርፍም» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ የተፈታ ይመስል ሁሉም ወደየ ሥራው ይሄዳል። በበኩሌ ይህ የስንፍና አነጋገር ነው እላለሁ። ውሻ ያለ ምክንያት ከግቢው አይወጣም። ወይ የሚሸሸው ነገር አለ፤ ወይ የሚፈልገው ነገር አለ። ያን ምክንያት መርምሮ ማወቅና አጥሩንም በዚያው መጠን ማበጀት የባለቤቱ ሥራ ነው። ይህም ለውሻው ሲባል ብቻ ሳይሆን በአጥሩ በኩል ለሚያልፈው የሰው ልጅ ሲባል ነው።

በከተማችን በብዙ ግቢ የሚታየው ልማድ የታወቀ ነው። ውሻው ቀን በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ይውላል፤ ሲመሽ የግቢው በር ተከፍቶ ወደ መንገድ ይለቀቃል። ለዚህም ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው፣ ቀን የታሰረ ውሻ ማታ ኀይለኛ ይሆናል የሚል ነው። ሁለተኛውን ምክንያት ሰው ደፍሮ አይናገረውም፤ ይኸውም ውሻው ራቱን ከሉካንዳ ደጅና ከቆሻሻ መጣያ ፈልጎ እንዲበላ ነው። የመጀመሪያውን ብንመረምረው አጭር ሰንሰለት ጥሩ ዘበኛ አያወጣም። ዘበኛ ማለት እንግዳን ከቤተ ሰብ፣ ሌባን ከጎረቤት የሚለይ ነው። ከአንድ ምሰሶ ሥር ሦስት ርምጃ እየተመላለሰ የዋለ ውሻ ግን ከምሰሶው በቀር የሚያውቀው ነገር ስለሌለ ሁሉን ይፈራል፤ የሚፈራ ውሻ ደግሞ ሁሉን ይነክሳል። ማታ ሲለቀቅም የሚጠብቀው የጌታውን ግቢ አይደለም። እርሱ ከሌሎች ውሾች ጋር አጥንት ሲሻማ ግቢው ያለ ዘበኛ ያድራል። ደግሞስ በጦሳ እግር ሥር ለምንኖር ለኛ ስለ ጅብ መንገር ያስፈልጋልን? ብቻውን የወጣ ውሻ አንድ ቀን ሳይመለስ ይቀራል፤ ባለቤቱም «ጅብ በላው» ብሎ ሌላ ቡችላ ያመጣል።

ይህን ሁሉ የምናገረው ከመጽሐፍ ተነሥቼ ብቻ አይደለም። በቤታችን ነብሮ የሚባል ውሻ አለ። ስሙን ያገኘው በጎኑ ላይ ካሉት ጥቋቁር ነጠብጣቦች ነው እንጂ በጀግንነቱ አይደለም። እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከግቢ የመውጣት ዐመል ከቶ አልነበረበትም። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር ጦርነቱ ወደ ደሴ በደረሰ ጊዜ እንደ ብዙው የከተማችን ሰው እኛም ቤታችንን ዘግተን ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸን። እኔ ያን ጊዜ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። በመኪናው ላይ ለውሻ የሚሆን ቦታ አልነበረም። አባቴ ከመውጣታችን በፊት የነብሮን ሰንሰለት ፈታና የግቢውን በር በድንጋይ ደግፎ ክፍት ተወው። «ታስሮ በረኃብ ከሚሞት ወጥቶ ዕድሉን ይሞክር» አለ። በታኅሣሥ ስንመለስ ነብሮን አጥንቱ እስኪቈጠር ከስቶ፣ አንድ ጆሮው ተቀዶ፣ ግን በሕይወት አገኘነው። የእናቴን ድምፅ ሰምቶ ከላይኛው መንገድ እየሮጠ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ግን ግቢው አልያዘውም። ከሁለት ወር ለማያንስ ጊዜ የራሱ ጌታ ሆኖ የኖረ ውሻ እንደ ቀድሞው ይቀመጣል ብሎ ማሰብ ከባድ ነበር። ባጥሩ ሥር ይምሳል፤ በላይ ይዘላል፤ በሩ ሲከፈት በሰው እግር መካከል ሾልኮ ይሄዳል። አባቴ ወደ ሰንሰለቱ መመለስ ይሻላል አለ፤ ተሞከረም። ነብሮ ሁለት ሌሊት ሙሉ አለቀሰ፤ እህል አልቀምስ አለ፤ አንገቱም ቈሰለ። በመጨረሻ እናቴ እንዲህ አለች። «ይህን ውሻ እኮ በሕይወት ያቈየው ከግቢ መውጣቱ ነው። ዳቦውን ያገኘው በመውጣት፣ ከጥይት የተረፈው በመሸሽ ነው። አሁን እርሱን መተው ያለበት በምን ዕዳው ነው?» ይህ ንግግሯ በልቤ ቀረ። እውነትም በውሻው ወገን ሆኖ ነገሩን ለተመለከተ ሰው ማምለጥ ጥፋት ሳይሆን ከችግር የተገኘ ትምህርት ነበር። እንግዲህ የኛ ፈንታ ይህን ትምህርት የሚያስረሳ ሌላ ትምህርት መስጠት ነው።

ነገሩን እንድንቸኩልበት ያደረገችን ግን አንዲት ጎረቤታችን ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትንሹን ልጇን በእጇ ይዛ መጣችና በበሩ ቆማ፣ «ጋሼ፣ ውሻዎ ልጄን እስከ ሱቁ ድረስ አሯሯጠው። አልነከሰውም፤ አልሐምዱ ሊላህ። ግን ልጁ ከዚያ ወዲያ ዳቦ ግዛ ብለው አይላክልኝም» አለችው። አባቴም፣ «እኅቴ፣ ይቅርታ አድርጊልን፤ እውነትሽን ነው» አላት። ቡና ጠጥታ ሄደች። ነብሮ የሚያሯሩጠው ለጨዋታ መሆኑን እኛ እናውቃለን፤ የስድስት ዓመት ልጅ ግን ይህን የማወቅ ግዴታ የለበትም።

እኔም አንድ አሮጌ ደብተር አወጣሁና ነብሮ በወጣ ቍጥር ሰዓቱንና የወጣበትን ቦታ መጻፍ ጀመርሁ። አንድ ወር ያህል ጻፍሁ። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ከመደምደም በፊት መመልከት ይቅደም የተባልነው ለካ ለውሻም ይሠራል። ከተጻፈው ውስጥ የታየው ነገር ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ሁላችንም ወደ ሥራና ወደ ትምህርት በሄድንበት ሰዓት፣ ማለት ብቻውን ሲቀር ነው፤ ወይም የማታ ምግቡ ሲዘገይ ነው። ሦስት ቀን ተከታትሎ የጠፋበት ሳምንት ደግሞ በታችኛው ግቢ ያለችው ሴት ውሻ ወንድ የምትፈልግበት ወራት ነበር። ሴት ውሻ ይህ ወራት በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ይመጣባታል፤ ወንዱም ሽታዋን ከሩቅ ይሰማል፤ በዚያ ጊዜ ማንም አጥር አይበቃውም። አራተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው። ርችት ሲተኰስ፣ ለሰርግ ጥይት ሲጮህ ወይም በክረምት ነጐድጓድ ሲወርድ ነብሮ ያበደ ይመስላል። የዚህን ምክንያት ከደሴ ሰው የሚጠይቀኝ ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወደ አጥሩ እንምጣ። የደሴን ግቢ የሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ሜዳ የሆነ ቦታ በኛ ከተማ ብርቅ ነው። ግቢው የሚወጣው ተዳፋቱን በመቈፈር ነው፤ ስለዚህ አጥሩ ዙሪያውን አንድ ዐይነት ቁመት ቢኖረውም ለውሻ ግን አንድ ዐይነት አይደለም። በግቢያችን የላይኛ ወገን በአጥሩ አጠገብ ያልተቈፈረ የአፈር ደረጃ አለ። በሰው ዐይን ሁለት ሜትር የሆነው ቆርቆሮ ከዚያ ደረጃ ላይ ለሚነሣ ውሻ ከአንድ ሜትር አይበልጥም። ከዚህም በቀር ማገዶው የሚከመረውና የውሃው በርሜል የሚቀመጠው አጥሩን ተደግፎ ነበር፤ ይህ ለነብሮ የተሠራ መሰላል ማለት ነው። ማገዶውንና በርሜሉን ወደ ቤቱ ግድግዳ አዛወርናቸው፤ አፈሩንም ዝቅ አደረግነው። ለዚህ ያወጣነው ገንዘብ የለም፤ የሁለት ቅዳሜ ጉልበት ብቻ ነው።

ከሥር ለመማሱ መድኀኒቱ ድንጋይ ሆነ። ድንጋይ ደግሞ ምስጋና ለጦሳ ይሁንና በደሴ አይታጣም። በአጥሩ እግር አንድ ክንድ ያህል ቦይ ቈፍረን ትልልቅ ድንጋይ እርስ በርሱ አስጠግተን ቀበርን። ነብሮ አንድ ሳምንት ጥፍሩ እስኪደክም ሞከረና ተወው። በላይኛው ወገን ደግሞ በአጥሩ ራስ ላይ ወደ ውስጥ ያዘነበለ የሽቦ መረብ አበጀን። ሽቦው ማዘንበል ያለበት ወደ ውስጥ ነው፤ ወደ ውጭ የሚያዘነብለው ሌባን ለመከልከል እንጂ ውሻን ለማስቀረት አይረዳም። ሹል ጠርሙስና እሾሃም ሽቦ የሚያደርጉ ሰዎችን አይቻለሁ፤ ይህን አልደግፍም። የፈራ ውሻ ስለት አይቶ አይመለስም፤ ሆዱን ተልትሎ ይወጣል እንጂ።

ውሻውን ማሰር ግድ የሚሆንበት ሰዓት እንዳለ አልክድም፤ እንግዳ ሲመጣ ወይም በግቢ ውስጥ ሥራ ሲሠራ። ለዚህ በሁለት እንጨቶች መካከል ጠንካራ ሽቦ በረጅሙ ተወጥሮ ሰንሰለቱ በቀለበት ቢያያዝበት ውሻው ከዳር እስከ ዳር እየሄደ መዋል ይችላል። ጥላና ውሃም በሚደርስበት ስፍራ ይሁን። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ሽቦው ወደ አጥሩ አይጠጋ። ታስሮ ሳለ አጥር የዘለለ ውሻ በወዲያኛው ወገን ተንጠልጥሎ ታንቆ ይሞታል።

የግቢውን በር ከሁሉ የሚከብድ ሆኖ አገኘሁት፤ ምክንያቱም አጥር ድንጋይ ነው፤ በር ግን ሰው ነው። በቤታችን በቀን ስንት ጊዜ በሩ እንደሚከፈት ቈጥሬ ሠላሳ ስደርስ ተውሁት። ከበሩ ወደ ውስጥ ሁለት ርምጃ ያህል ገባ ብሎ ከአሮጌ ጣውላ ትንሽ ሁለተኛ በር አደረግን፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። ይህ ደንብ ትልቁንም ትንሹንም ይመለከታል። በዚህ ዓመት ነብሮ ሁለት ጊዜ ወጥቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ የወጣው በበሩ ነው፤ አንዱን ጊዜ በሩን ክፍት የተወው ስለ በሩ ብዙ የሚናገረው ታላቅ ወንድሜ ነው።

የሩሲያው ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ ውሾች ከምግብ አስቀድሞ የሚሰሙትን ድምፅ ከምግቡ ጋር አያይዘው እንደሚያስቡ ማሳየቱን ተምረናል። ይህ ትምህርት በፈተና ላይ ብቻ የሚጠቅም መስሎን ነበር። ነብሮ ማታ ማታ ከመብላቱ በፊት ሳህኑን በማንኪያ ሦስት ጊዜ እመታለሁ። አሁን ሾልኮ ቢወጣ እንኳ በበሩ ቆሜ ሳህኑን ስመታ ይመለሳል። ሲመለስም ከቶ አይመታም። ብዙ ሰው ጠፍቶ የመጣውን ውሻ በበትር ይቀበለዋል፤ ውሻው ግን የተመታው በመውጣቱ መሆኑን አያውቅም፤ የሚያውቀው ሲመለስ መመታቱን ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አይመለስም። ማለዳም ከትምህርት በፊት በገመድ ይዤው እስከ ላይኛው መንገድ ደርሰን እንመለሳለን፤ ከሄደ በኋላ ይተኛል እንጂ አይምስም። ለቡችላ የማይፈልጉትን ውሻ ማኮላሸትም በእንስሳት ሐኪም ዘንድ የሚደረግ ሥራ ነው፤ ከሴት ፍለጋ የሚመጣውን መዞር በብዙው ይቀንሳል። ይህን ስል ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰዎች አሉ፤ ያው ሰዎች ግን የማይፈልጉትን ቡችላ በከረጢት አድርገው ቦርከና ዳር ሲጥሉ ፊታቸውን አያዞሩም።

አባቶቻችን «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይላሉ። ይህን ተረት ሰው ስለ ባልና ሚስት ጠብ፣ ስለ አገር አንድነት ሲጠቅሰው እሰማለሁ። እኔ ግን በመጀመሪያው ትርጉሙ ልወስደው እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ውሻው በቀደደው አጥር የሚገባው ጅብ ብቻ አይደለም።

ባለፈው ዓመት በሠፈራችን አንድ ልጅ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ውሻ ነከሰው። ውሻው የማን እንደ ሆነ አልታወቀም፤ ነክሶ በጨለማ ሄደ። የእብድ ውሻ በሽታ በውሻው ምራቅ ገብቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል የሚጓዝ ነው። ጕዞው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ወር ይፈጃል፤ አንዳንድ ጊዜ ያጥራል፤ አንዳንድ ጊዜም ዓመት ይደርሳል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚያድን መድኀኒት የለም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቍስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሄዶ ክትባቱን መጀመር አለበት። በቧንቧ ስም የሚጠራ ሠፈር ልጆች ይህን ባናውቅ ነውር ነው። የዚያ ልጅ እናት ይህን ታውቅ ኖሮ ልጁን ከቧንቧው ሥር አቁማ ስታጥበው በዐይኔ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ወር ግን ቤተ ሰቡ እንዴት እንዳሳለፈው ለመናገር ያዳግታል። ልጁ ትንሽ ራሱን ባመመው ቍጥር እናቱ ውሃ እየቀዳች ታቀርብለትና ሲጠጣ ፊቱን ትመለከት ነበር። ውሃ መፍራት የበሽታው ምልክት መሆኑን ሰምታለችና። ልጁ ዛሬ ደህና ነው።

አሁን ልብ በሉ። የነከሰው ውሻ የታወቀና በግቢ የሚቀመጥ ቢሆን ኖሮ ሐኪም እያየው ዐሥር ቀን ይጠበቅ ነበር። በነዚያ ዐሥር ቀናት ውስጥ ጤናማ ሆኖ ከቈየ በነከሰበት ሰዓት በሽታው በምራቁ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው። የሐኪም ክትባት በያመቱ የሚወስድም ከሆነ ሥጋቱ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ አጥር ማለት ውሻውን የሚያስቀር ቆርቆሮ ብቻ አይደለም። አጥር ያለው ውሻ የሚታወቅ ውሻ ነው፤ ስም አለው፤ ባለቤት አለው፤ ሲታመም የሚያይለት ሰው አለ። እናት በወር ሙሉ የልጇን ፊት እንዳትመለከት የሚያደርጋት ይህ መታወቁ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዚህ በሽታ በያመቱ 59,000 ያህል ሰዎች ይሞታሉ፤ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ በሽታው የሚይዛቸው ከውሻ ነው። ከሚነከሱትም መካከል ከመቶ አርባው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ይህ የሚሆነው መከላከያው ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው የሚያስገርመኝ። ሉዊ ፓስተር በእብድ ውሻ የተነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዮሴፍ ማይስተርን የከተበው በሐምሌ ወር 1885 እ.ኤ.አ. ነው። ልጁ ዳነ፤ ካደገም በኋላ በፓሪስ የፓስተር ተቋም በር ጠባቂ ሆኖ ኖረ። በአገራችንም የፓስተር ስም የታወቀ ነው፤ አዲስ አበባ ክትባቱ ሲሠራ የኖረበትን ተቋምና አካባቢውን ሰው እስከ ዛሬ «ፓስተር» ይለዋል። ለብዙ ዓመታት እዚያ ይሠራ የነበረው ከበግ አንጎል የሚወጣ ክትባት በሆድ ላይ ለብዙ ቀናት የሚወጋ ስለ ነበር ሽማግሌዎቻችን ስለ መርፌው ሲያወሩ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። አዲሱ ክትባት በክንድ ላይ የሚሰጥና ቍጥሩም ያነሰ ነው፤ በመርፌው ፍርሃት የሚቀር ሰው ሊኖር አይገባም።

ሕጋችንም ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2071 ላይ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኀላፊ መሆኑን ይናገራል፤ እንስሳው በድንገት ከእጁ ያመለጠ እንኳ ቢሆን። እንግዲህ «አመለጠኝ» ማለት በሕግ ፊት መልስ አይደለም። ከሕጉ በፊት ሃይማኖታችንም ይህን ያውቃል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 በሬው ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ሳለ ያልጠበቀው ባለቤት ከበሬው ጋር ይፈረድበታል። በቁርኣንም በዋሻ ስለ ተኙት ወጣቶች በሚናገረው ምዕራፍ ውሻቸው የፊት እግሮቹን ዘርግቶ በደጃፉ ላይ ተኝቶ ይገኛል፤ በደጃፉ ላይ፤ ማለት በቦታው። የወሎ ሰው ሁለቱንም ወገን ሲሰማ ያደገ ስለ ሆነ በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

የሚቃወሙኝ ሰዎች እንዳሉ ዐውቃለሁ። ዋናው ተቃውሞ ድህነት ነው። «ለልጆቼ ያልበቃ እንጀራ ለውሻ ከየት ይምጣ? የቆርቆሮ ዋጋስ ሰምተሃል?» ይሉኛል። ይህ ተቃውሞ እውነት አለበት፤ በሳቅ የሚታለፍም አይደለም። እኛም ቆርቆሮ አልገዛንም፤ የሠራነው በድንጋይ፣ በአሮጌ ጣውላና በተረፈ ሽቦ ነው። ነገር ግን በጠዋትና በማታ አንድ ሳህን ፍርፋሪ ለመስጠት ዐቅም የሌለው ቤት ውሻ ባይይዝ ይሻላል እላለሁ። ውሻ ይዞ ምግቡን መንገድ ይስጠው ማለት ጥበቃውን ለራስ ወስዶ ንክሻውን ለጎረቤት መተው ነው። ሌላው ወገን ደግሞ «ማዘጋጃ ቤት መርዝ ይስጥና ይገላግለን» ይላል። በአገራችን ከተሞች መርዝ በሥጋ ተደርጎ ለውሾች መሰጠቱ የቈየ ነገር ነው። ምን አተረፈ? የሞቱት ውሾች ቦታ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከየግቢው በሚወጡ ሌሎች ተተካ፤ ጉድጓዱ ሳይደፈን ውሃ መቅዳት ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ለማቆም ከመቶ ሰባ የሚሆኑትን ውሾች መከተብ ያስፈልጋል የሚለው ለዚህ ነው። የተከተበውንና ያልተከተበውን አንድ ላይ የሚገድል መርዝ ይህን ሥራ ያፈርሳል።

ነገሩ በከተማ አጥርም አያበቃም። በዚሁ በደቡብ ወሎ በቦረና ሳይንት ተራሮች ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም፤ በአገራችንም የቀሩት አዋቂዎቹ አምስት መቶ አይሞሉም። በባሌ ተራሮች በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 እ.ኤ.አ. ከውሾች የተጋባ የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን በብዛት ጨርሷቸዋል። በዚያ የለቀቁት ውሾች ባለቤቶች ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ከብት የሚጠብቁ ደጋግ ሰዎች ነበሩ። ክረምት ላይ ወደ ገጠር ወደ ዘመዶቻችሁ የምትሄዱ ተማሪዎች ይህን ነገር ለአያቶቻችሁ ብትነግሯቸው ሥራችሁ ከዚህ ከኔ ጽሑፍ ይበልጣል።

የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ቀን በዓለም የሚታሰበው ፓስተር በሞተበት ዕለት፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን ነው። በኛ አቈጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18 ማለትም የመስቀል ማግስት ይሆናል፤ በርችትና በችቦ የተደናገጠ ውሻ ሁሉ ከግቢው ወጥቶ የሚያድርበት ሰሞን። እኔ በዚያን ጊዜ ከትምህርት ቤት ወጥቼ እሆናለሁ። ከኋላዬ የሚመጡት የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ግን በሁለት በሁለት ሆነው በቧንቧ ውሃ ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ ስንት ውሻ እንዳለ፣ ስንቱ እንደ ተከተበ፣ የስንቱ አጥር ቀዳዳ እንዳለው ቢጽፉና ዝርዝሩን ለከተማው የእንስሳት ሕክምና ቢሰጡ ሥራው ከሦስት ቀን አይበልጥም። ደብተሩን እኔ እሰጣለሁ፤ የነብሮ ወር ከተጻፈበት በኋላ ብዙ ባዶ ገጽ ቀርቶታል።